ለቤዝ ተጫዋቹም በቅጹ ላይ አንድ መስመር ይሰጠው

ግልጽ ደብዳቤ

ለዘፈን ምዝገባና ለሮያሊቲ ክፍፍል ኃላፊዎች
ለአልበም አሳታሚዎችና ለፕሮዲውሰሮች
ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሙዚቃ ክፍሎች
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልን። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በየስቱዲዮው እየተጠራን ቤዝ ጊታር የምንጫወት ሙዚቀኞች ነን። ከመካከላችን ብዙዎቹ ግጥምና ዜማም ይሠራሉ። ስማችንን ላታውቁት ትችላላችሁ። ሥራችንን ግን ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት ከወንበሩ በታች የሚመታው ድምፅ የእኛ ነው። ሠርግ ቤት ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳውም እሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ሰሞኑን ለዘፈን ምዝገባ ተዘጋጅቶ የቀረበልን ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ ድምጻዊ፣ የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ፕሮዲውሰር የሚሉ ቦታዎች አሉ። ከዚያ ፊርማና ቀን ነው። መሣሪያ የተጫወተ ሰው የሚጻፍበት ቦታ የለም። ወደፊት ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከሆቴልና ከመዝናኛ ቤት የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ሮያሊቲ የሚባለው፣ የሚከፋፈለው በዚህ ቅጽ ላይ ለሰፈሩት ሰዎች እንደሆነ ተነግሮናል። ስለዚህ ዛሬ ቅጹ ላይ የሌለ ሰው ነገ ክፍያው ላይም የለም።

አንድ ባልደረባችን የተጫወተባቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ይዞ ወደ ምዝገባው መስኮት ሄደ። "እኔ የት ነው የምጻፈው?" ብሎ ጠየቀ። "ተጫዋች ከአቀናባሪው ጋር ይጠቃለላል" ተባለ። "አቀናባሪው እኮ ሌላ ሰው ነው" አለ። "እንግዲህ ቅጹ እንደዚህ ነው የመጣልን" አለችው ልጅቷ። እሷን አንወቅስም፤ በትሕትና ነው ያስተናገደችው። የምንወቅሰው ቅጹን ያዘጋጁትን ነው። ስለ ሙዚቃ ገንዘብ ሲወስኑ አንድም ተጫዋች ጠርተው አላማከሩም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ከሕጉ ይነሳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል፣ የመብት ባለቤቶች ተሰባስበው መብታቸውን በጋራ የሚያስተዳድሩበት መንገድ ተከፈተ። አዋጁ "ከዋኝ" ብሎ መብት የሰጠው ለዘፋኙ ብቻ አይደለም። ሙዚቀኛም ከዋኝ ነው። ይህንን ያልነው እኛ አይደለንም፤ ሕጉ ነው። ታዲያ አዋጁ ያወቀንን ቅጹ በምን ሥልጣን ይሰርዘናል? ምናልባት ሆን ተብሎ አልተደረገ ይሆናል። ተረስተን ይሆናል። ግን ረስቶ መተውም መተው ነው፤ ተጎጂው ልዩነቱ አይታየውም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ረዘም ይላል። ብዙ ሰው ያልገባው እዚህ ጋ ስለሆነ ታገሱን።

ቤዝ ተጫዋች የታዘዘውን ብቻ የሚጫወት ይመስላል። እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አቀናባሪው መስመሩን ኖታ ላይ ጽፎ ወይም በኪቦርድ ሠርቶ ይሰጠናል። እኛም እንጫወትለታለን። ያን ጊዜ የምንጠይቀው የከዋኝነት መብታችንን ብቻ ነው፤ ድርሰቱ የሱ ነው። አብዛኛው ሥራ ግን እንዲህ አይደለም።

ስልክ ይደወላል። "ነገ ከሰዓት አለህ?" ትሄዳለህ። ድምጻዊው በሞባይሉ የቀዳትን ዜማ ያሰማሃል። ድራሙ በኮምፒውተር ተሠርቶ ቆይቷል። አቀናባሪው "ትዝታ ነው፣ ትንሽ ሶል ሶል እንዲል እፈልጋለሁ" ይልሃል፤ ሶል የሚባለውን የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ማለቱ ነው። አለቀ። ሌላ የሚነግርህ ነገር የለም። ጆሮ ማዳመጫውን አድርገህ ትቀመጣለህ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ከጣትህ የሚወጣው ነገር ማንም ጽፎ ያልሰጠህ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሌላው ዓለም ቤዝ ተጫዋች ግራ ሲገባው የሚደገፍባቸው ድምፆች አሉ። የመጀመሪያዋንና አምስተኛዋን እየደጋገመ ቢሄድ አይወድቅም። አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ይህን ልሞክር ቢል አምስተኛዋን አያገኛትም፤ ቅኝቱ ውስጥ ያለችው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው ናት። አምባሰል ላይ ደግሞ ሦስተኛዋ የለችም። ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ሜጀር ይሁን ማይነር የሚታወቀው በሷ ነበር። ከአሜሪካ ሶል የለመድነውን መስመር እንዳለ አምጥተን ብንለጥፈው ቅኝቱ ይበላሻል። ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳ "ይሄ ነገር አልጣመኝም" ይላል፤ ለምን እንደሆነ ባያውቅም። ስለዚህ እየመረጥን፣ እየዘለልን፣ አንዳንዴም ዝም እያልን መንገድ እናበጃለን። ችክችካ ሲሆን ደግሞ ከበሮው በስድስት ሲገሰግስ ቤዙ የት ላይ እንደሚያርፍ መወሰን አለበት። ትንሽ ቀደም ካለ ዘፈኑ ይቸኩላል። ትንሽ ዘግየት ካለ ትከሻ ይከተለዋል። ይህንን ሁሉ የሚወስነው ጊታሩን የያዘው ሰው ነው። ይህ ድርሰት ካልሆነ ድርሰት ምንድን ነው?

አንድ ባልደረባችን ለአንድ በጣም ለታወቀ ዘፈን መግቢያውን የሠራው በቤዝ ነው። ስምንት ኖታ ናት። መድረክ ላይ ያቺ መግቢያ ስትጀምር፣ ድምጻዊው አፉን ሳይከፍት ሕዝቡ ይጮኻል። ምዝገባው ላይ ግን "ቅንብር" በሚለው ስር በሌላ ሰው ስም ሄደች። አቀናባሪው መልካም ሰው ነው። ስንጠይቀው አልካደም። "እውነት ነው፣ የሱ ናት። ግን የት ልጻፈው?" አለን።

የት እንደሚጻፍ ሌላ አገር ካወቁት ቆይተዋል። አንቶኒ ጃክሰን የሚባል የስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ኦጄይስ የተባሉት የፊላደልፊያ ሶል ዘፋኞች "ፎር ዘ ላቭ ኦፍ መኒ" የሚለውን ዘፈን ሲያወጡ ቤዙን የተጫወተው እሱ ነው። ገና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ዘፈኑ የሚጀምረው በቤዝ ነው፤ የሚታወቀውም በዚያ ቤዝ ነው። ደራሲዎቹ ኬኒ ጋምብልና ሊዮን ሃፍ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ የኩባንያው ባለቤቶችም ነበሩ። ቢፈልጉ ከልክለውት "ተከፍሎሃል፣ ሂድ" ሊሉት ይችሉ ነበር። የድርሰቱ ባለቤቶች ስም ዝርዝር ላይ ግን ሦስተኛ ሆኖ የሱ ስም ገባ። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ለሁሉም ዘፈን ድርሻ ይሰጠን አንልም። መስመሩ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው ጊዜ ግን ባለቤቱ ይጻፍ።

ሌላኛውን መንገድ ደግሞ ጄምስ ጃመርሰን አይቶታል። ስለሱ ትንሽ ልንላችሁ እንፈልጋለን፣ ምክንያቱም ቤዝ የሚይዝ ሰው ሁሉ አወቀም አላወቀም የሱ ተማሪ ነው።

ጃመርሰን በ1936 እ.ኤ.አ. ሳውዝ ካሮላይና ተወለደ፤ በወጣትነቱ ወደ ዲትሮይት መጣ። ከ1959 ጀምሮ ሞታውን ለሚባለው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ይቀርጽ ነበር። ስቱዲዮው ጠባብ ነበረች፤ ሙዚቀኞቹ "የእባብ ጉድጓድ" ይሏታል። እዚያ ውስጥ በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ እየመታ የሱፕሪምስን፣ የቴምፕቴሽንስን፣ የፎር ቶፕስን፣ የስቲቪ ዎንደርን፣ የማርቪን ጌይን ዘፈኖች ተጫወተ። ጊታሩ ላይ ያሉትን ወፋፍራም ክሮች መቀየር አይወድም ነበር። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኮርድ ብቻ ነው፤ የቀረውን ራሱ ይሠራዋል። ያን ጊዜ ዓለም በሙሉ የሞታውንን ዘፈን ይጨፍር ነበር። የዘፋኞቹን ስም ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል። የጃመርሰንን ስም ግን ሸክላው ላይ የጻፈው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ በአልበም ሽፋን ላይ የሰፈረለት በ1971 በማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነው፤ "ወደር የሌለው" ተብሎ። ከአሥር ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ ማለት ነው። በዓመቱ ኩባንያው ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ።

በ1983 ኩባንያው 25ኛ ዓመቱን በትልቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት አከበረ። ዘፋኞቹ ሁሉ ተጋብዘዋል። ጃመርሰን አልተጋበዘም። ደጅ ላይ ከሚቸረችሩ ሰዎች ትኬት ገዝቶ ገባ፣ ከኋላ ተቀመጠ። እሱ የተጫወተባቸው ዘፈኖች መድረክ ላይ ሲዘፈኑ እንደማንኛውም ተመልካች አየ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፣ በ47 ዓመቱ ሞተ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ያስገባው በ2000 ነው። ስለሱና ስለ ጓደኞቹ ፊልም የተሠራው በ2002 ነው። እኛ የበይ ተመልካች የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ያውም ምግቡን ራሱ አብስሎት።

"ከዲትሮይት ጋር ምን አገናኛችሁ?" የሚል ይኖራል። በደንብ ያገናኘናል። በስድሳዎቹ እ.ኤ.አ. አስመራ ከነበረው የቃኘው ስቴሽን የአሜሪካኖች ሬዲዮ የሶል ሙዚቃ ይሰማ ነበር። የአዲስ አበባ ወጣቶች ሸክላውን እያሳደዱ ያጠኑት ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ ሲዘፍን ከጄምስ ብራውን ጋር ያነጻጽሩት የነበረው በከንቱ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ያ ድምፅ በአማርኛ ሸክላ ላይ ገባ። ከዚያ ኢቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ሂልተን፣ ዳህላክ ግዮን ሆቴል ሆነው ያንን ሶል ከራሳችን ቅኝት ጋር አዋሐዱት። የኢቤክስን፣ በኋላም የሮሃ ባንድን ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ ተጫወተ። የዋልያስን መላከ ገብሬ ተጫወተ። ያን ዘመን ሰው ዛሬም "ወርቃማው" ይለዋል። ወርቅ ካሰኙት ድምፆች አንዱ ቤዙ ነበር። በካሴቱ ላይ ቢያንስ የባንዱ ስም ይሰፍር ነበር፤ "በሮሃ ባንድ ታጅቦ" የሚል። ሰውም ባንዱን ስለሚያውቅ ተጫዋቹን አጠያይቆ ያገኘዋል።

ዛሬ ያ የለም። ባንዱ በአብዛኛው ፈርሷል፤ ሁላችንም በግል እየተጠራን ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ኪቦርድ መጣና ቤዙን በግራ እጅ ይጫወቱት ጀመር። ያኔ ስንቱ ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች ጊታሩን ሸጦ ወደ ሌላ ሥራ ገባ። የቻለ አሜሪካ ገባ፣ ሌላው ዱባይ ሆቴል ውስጥ ለመጫወት ሄደ። የዋልያሱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እንኳ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የድሮ ቀረጻው በውጭ ሰዎች እንደገና ታትሞ ነው ዓለም ፈልጎ ያገኘው። ልብ በሉ። ፈልገው ያገኙት በካሴቱ ላይ ስሙ ስለነበረ ነው። ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን ሥራ ሊያሳትም የሚነሳ ሰው ቤዙን ማን እንደተጫወተው ከየት ያገኛል?

የዩቲዩቡን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ዘፈን ሲለቀቅ ከስሩ የግጥም፣ የዜማ፣ የቅንብር፣ የሚክስና ማስተር፣ የዳይሬክተር፣ የካሜራ፣ የሜካፕ ባለሙያዎች ስም ይዘረዘራል። ይህ ደስ ይለናል፤ ሁሉም ሊጻፍላቸው ይገባል። ቤዙን፣ ጊታሩን፣ ሳክሱን የተጫወተው ግን ብዙ ጊዜ የለም። አንድ መስመር መጨመር ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ ቅጂ ነው። አንድ ባልደረባችን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ አዲስ ዘፈን ይሰማል። ቤዙ የራሱ ነው። ዘፋኙን አያውቀውም፤ የተቀረጸበትን ስቱዲዮም ረግጦት አያውቅም። እንዴት አወቀ? የድሮ ጊታሩ ሦስተኛው ክር ላይ የምትንጫጫ አንዲት ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለች የብረት መስመር) ነበረችው። ጣቱ እዚያ ላይ ሲያርፍ "ዝዝ" ትላለች። ያቺ "ዝዝ" አዲሱ ዘፈን ውስጥ በየአራት ባሩ ትመለሳለች። ከዓመታት በፊት ለሌላ አልበም የተጫወተው ተቆርጦ፣ በኮምፒውተር እየተደጋገመ ተለጥፏል። ለማን አቤት ይበል? የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ስሙ የለም። ሁለተኛው ላይም የለም። "ያንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?" ቢሉት የሚያሳየው ያችን አሮጌ ጊታር ብቻ ነው። የዜማ ደራሲ ቢሆን ክስ ይመሠርታል። እሱ ግን ወራጅ ሲል ወርዶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አራተኛው ከሁሉም የሚያመን ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ ቤዝ ተጫዋች ኩላሊታቸውን ታመሙ። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልጋቸዋል፤ ዋጋውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጆቻቸው ያላቸውን ጨረሱ። ጓደኞች ተሰባስበን የእርዳታ ኮንሰርት አዘጋጀን። በዚያ ምሽት ከተዘፈኑት ዘፈኖች አብዛኞቹ እሳቸው ቤዝ የተጫወቱባቸው ነበሩ። በወጣትነታቸው ቀርጸውት ዛሬም በየሬዲዮው የሚከፈት ሥራ ነው። የአገራችን ሰው ደግ ነውና ሰጠ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ጋሼ የእርዳታ ሰው አልነበሩም። ከሥራቸው የሚመጣ ድርሻ ቢኖራቸው ኖሮ ፎቷቸው ተለጥፎ ገንዘብ ባልተለመነላቸው። "ልጆቼ፣ እኔ እኮ ሠርቻለሁ" ነው ያሉን። እኛም ምን ብለን እንደምንመልስላቸው ጠፋን።

ወረቀት የማጣት ጉዳት በሌላም ይመጣል። አንዱ ባልደረባችን ውጭ አገር ተጋብዞ ወደ ኤምባሲ ሄደ። የሙያ ማስረጃ አምጣ ተባለ። ስንትና ስንት አልበም ላይ ተጫውቷል፤ ስሙን የሚያሳይ አንድ ሽፋን ግን ማቅረብ አልቻለም። ቪዛው ቀረ። ሌላው የቤት ኪራይ ውዝፍ ሲኖርበት ከባንክ ሊበደር ሞክሮ ገቢህን አሳይ ተባለ። ክፍያችን በእጅ ነው፤ በዘፈን ይሰላል፣ ቀረጻው ሲያልቅ እዚያው ይሰጠናል። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም። አንዳንዴ "አልበሙ ሲወጣ" ይባላል። አልበሙ ይወጣል፣ ስልኩ አይነሳም።

አሁን የሚቀርብልንን መልስ እናውቀዋለን። "ለሥራችሁ ተከፍሏችኋል፣ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?" የሚል ነው። መልሳችን ይህ ነው። ገጣሚውም ለግጥሙ ይከፈለዋል። ድምጻዊውም ከአሳታሚው ይከፈለዋል። ሆኖም ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ድርሻ ይገባቸዋል ብላችሁ ቅጽ አዘጋጅታችሁላቸዋል። ትክክል አድርጋችኋል። የእኛን ግን በየትኛው መለኪያ ለያችሁት?

ሌላው "ተጫዋች ብዙ ነው፣ እንዴት እናከፋፍላለን?" የሚለው ነው። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ በቁም ነገር እንመልሳለን። መንገዱ ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ፣ ከኢንተርኔትና ከሳተላይት ሬዲዮ ለቀረጻ ከሚሰበሰበው ክፍያ 2.5 በመቶው ለአጃቢ ሙዚቀኞች፣ 2.5 በመቶው ለአጃቢ ድምጻውያን ተለይቶ ይቀመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የቀረጻ መብት ዘመንን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያራዝም፣ በተጨመረው ጊዜ ውስጥ ፕሮዲውሰሮች ከቀረጻው ሽያጭ ገቢያቸው 20 በመቶውን አንዴ ተከፍሏቸው ለሄዱ አጃቢ ሙዚቀኞች እንዲያስቀምጡ አዟል። የእኛ መቶኛ ሊለያይ ይችላል። እኛ ቁጥር ይዘን አልመጣንም። ግን "አይቻልም" አትበሉን፤ የቻሉት አሉ።

በአቀናባሪዎችና በድምጻውያን ላይ ቂም የለንም። አብረን ነው የምንበላው፣ አብረን ነው የምናመሸው። የነሱ ድርሻ ምንም አይነካም የሚል ካለ ግን ልክ አይደለም፤ ገንዘቡ አንድ ነውና የተጨመረ ሰው ሲኖር የሁሉም ድርሻ ትንሽ ይቀንሳል። ይህንን ሸፍነን አናልፍም። ብዙዎቹን አነጋግረናቸዋል፤ "ይገባችኋል" ያሉን ከተቃወሙን ይበልጣሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የምዝገባ ቅጹ ከመጽደቁ በፊት ተመልሶ ይታይ። "ሙዚቀኞች" የሚል ቦታ ይጨመርበት፤ ከስሙ ጎን የተጫወተው መሣሪያ ይጻፍ። ይህ ለቤዝ ብቻ አይደለም። ለድራመሩም፣ ለሳክስፎን ተጫዋቹም፣ ለክራርና ለማሲንቆ ተጫዋቹም ነው።

የዜማ ድርሰት ቦታው ከአንድ ሰው በላይ የሚያስገባ ይሁን። ቤዙ ወይም ሌላ መሣሪያ የፈጠረው መስመር ዘፈኑን የሚሸከም ሲሆን፣ ደራሲውና አቀናባሪው ከተስማሙ የተጫዋቹ ስም ከነድርሻው ይግባ። ካልተስማሙ አይቶ የሚወስን ሙያተኞች ያሉበት ኮሚቴ ይኑር።

ለድሮ ሥራዎች በሰው ምስክር መመዝገብ ይፈቀድ። ሽፋን ላይ ስም ስላልተጻፈ ወረቀት አምጡ ቢባል አናገኝም። ቀረጻውን የሠራው ኢንጂነር፣ አቀናባሪው፣ አብሮ የተጫወተው ሰው በሕይወት አለ። ፈርመው ይመስክሩ። እባካችሁ ይህ ይፍጠን፤ አንጋፋዎቹ በየጊዜው እያለፉብን ነው፤ ምስክሮቹም አብረው እየሄዱ ነው።

አሳታሚዎችና ፕሮዲውሰሮች በቀረጻ ቀን አንድ ገጽ ወረቀት አስፈርሙን። ማን፣ ምን ተጫወተ፣ ስንት ተከፈለው፣ ቀረጻው ለየትኛው ዘፈን ነው። ተቆርጦ ለሌላ ዘፈን የሚውል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ይጠየቅ፣ ይከፈልም። ወረቀቱን ራሳችን አዘጋጅተን ልንሰጣችሁ ዝግጁ ነን።

የሬዲዮና የቴሌቪዥን የሙዚቃ ክፍሎች ደግሞ ዘፈን ስታስተዋውቁ የተጫዋቾቹን ስም አልፎ አልፎም ቢሆን ጥሩ። ስለ አንድ አልበም ሰፊ ፕሮግራም ስትሠሩ ድምጻዊውን ብቻ አትጋብዙ። ቤዙን የተጫወተውን ጋብዙት፤ ጊታሩን ይዞ ይመጣል፣ መስመሩን እንዴት እንዳገኘው ያሳያችኋል። አድማጩም ይወደዋል።

በመጨረሻም ቅጹን ካዘጋጁት ኃላፊዎች ጋር ተቀምጠን እንድንነጋገር ቀጠሮ ይሰጠን። ከመካከላችን ተወካዮች መርጠናል። የተጫወትንባቸውን ዘፈኖች ዝርዝር፣ ሊመሰክሩልን የፈቀዱ ኢንጂነሮችንና አቀናባሪዎችን ስም ይዘን እንመጣለን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

በአዲስ አበባ በስቱዲዮ ቀረጻ ሥራ ላይ ያለን የቤዝ ጊታር ተጫዋቾችና የዜማ ደራሲያን